ማንጎው ወንድ አይደለም፤ ጂንም አልጎደለውም

ጥያቄ፦ «የምኖረው ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ነው። ግቢዬ ውስጥ ከዘር ያበቀልኳቸው ሁለት ማንጎዎች አሉ። አንደኛው 7 ዓመት ሞልቶታል። ቅጠሉ ለምለም ነው፣ ከቤቱ ጣሪያ በላይ ሄዷል። በየሁለት ቀኑ በጎማ አጠጣዋለሁ፣ ፍግም አይጎድልበትም። ግን አንድም ጊዜ አብቦ አያውቅም። ሁለተኛው በዕድሜ ይበልጠዋል። አንድ ዓመት አበባ በአበባ ይሆናል፣ በዓመቱ ደግሞ ምንም የለም። ያበበውም አብዛኛው ይረግፋል። ጎረቤቴ ትልቁን ለምለም ዛፍ ‹ወንድ ነው፣ ቁረጠው› ይለኛል። አንድ ሻጭ ደግሞ ‹የአበባ ጂን የሚቀሰቅስ› ያለውን ጠርሙስ ይዞ መጥቷል። ሳይንቲስቶች የአበባን ጂን እንዳገኙ እኔም አንብቤያለሁ። ዛፌ ጂኑ ጎድሎት ከሆነ በመርፌ ወይም በርጭት ሊሰጠው ይችላል? ሌላው፣ አንዱ ፓፓያዬ ረጃጅም ክር ላይ አበባ ያንጠለጥላል እንጂ ፍሬ አይዝም። እሱስ ምን ሆኖ ነው?»

ምላሽ፦

ማንጎውን አይቁረጡ። ወንድ የሚባል የማንጎ ዛፍ የለም። ጎረቤትዎ ከፓፓያ ጋር አምታተውት ይሆናል። ፓፓያ ላይ ነገሩ እውነት ነው፣ መጨረሻ ላይ እመጣበታለሁ። ማንጎ ግን በአንድ የአበባ ዘለላ ላይ ሁለት ዓይነት አበባ አቀላቅሎ ያወጣል። አንዳንዱ ወንዴ ብቻ ነው። ሌላው ወንዴም ሴቴም አካል አለው፣ ፍሬ የሚሆነውም ይኸኛው ነው። የሁለቱ መጠን ከዝርያ ዝርያ ይለያያል፤ የአየሩ ሙቀትም ይቀያይረዋል። ወንዴ አበባ ብቻ ይዞ የሚኖር ዛፍ ግን የለም።

ሁለተኛው ዛፍ ሲያብብ ይህን በዓይንዎ ማየት ይችላሉ። ማለዳ ላይ፣ አበባው ገና እንደፈነዳ፣ ከዘለላው ጥቂት ይቁረጡና ነጭ ወረቀት ላይ ያድርጓቸው። እያንዳንዷ አበባ ከአንድ ሳንቲ ሜትር በታች ናት፤ ማጉያ መነጽር ካለ ጥሩ ነው፣ ከሌለም የስልክ ካሜራ ይበቃል። መሐሏ ላይ ወፈር ያለች ክብ ነገር ታያላችሁ። እዚያች ላይ ቢጫ አረንጓዴ ድቡልቡል አካል ከተቀመጠና ከጎኑ ቀጭን ዘንግ ከወጣ፣ ያቺ አበባ ፍሬ ልትይዝ ትችላለች። ድቡልቡሉ ከሌለና ጫፉ ሐምራዊ የሆነ ዘንግ ብቻ ከታየ ወንዴ ናት። አንድ ዘለላ ላይ ከመቶዎች እስከ ሺዎች አበባ አለ። እስከ መብሰል የሚደርሰው ግን ጥቂት ፍሬ ነው፤ አንዳንዱ ዘለላ ጭራሽ አይዝም። ስለዚህ አበባ ስለረገፈ ብቻ ዛፉ ታሟል ማለት አይደለም።

«ጂኑ ጎድሎት ይሆን?» ለሚለው መልሴ አልጎደለውም ነው። አበባ የሚያዙት ጂኖች፣ ማለትም በዘር የሚወረሱት ትእዛዞች፣ ዛፉ ገና ዘር ሳለ ጀምሮ አሉ። ቅጠሉም ውስጥ፣ ግንዱም ውስጥ፣ ሥሩም ውስጥ አሉ። ጥያቄው መቼ ሥራ ይጀምራሉ ነው። ይህ ልዩነት ትንሽ ይመስላል፤ ነገር ግን ገንዘብዎን ጠርሙስ ላይ ያውሉት ወይስ አጠጣጥዎን ይለውጡ የሚለው የሚወሰነው በዚሁ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ሚካኤል ቻይላኽያን የተባለ የሶቪየት ኅብረት ተመራማሪ አንድ ሐሳብ አቀረበ። ቅጠል ውስጥ ተሠርቶ ወደ ቀንበጥ ጫፍ የሚጓዝ፣ «አሁን አብብ» ብሎ የሚያዝ ነገር አለ አለ። ስሙንም ፍሎሪጅን አለው። ነገሩ በትክክል ምን እንደሆነ ሳይታወቅ ወደ 70 ዓመት አለፈ። እ.ኤ.አ. በ2007 በአራቢዶፕሲስ፣ ማለትም ተመራማሪዎች በሚወዷት አንዲት ትንሽ አረም፣ እና በሩዝ ላይ የወጡ ጥናቶች መልሱን አሳዩ። ተጓዡ ኤፍቲ የሚባለው ጂን የሚያሠራው ፕሮቲን ነው። ቅጠል ላይ ይሠራል፣ ስኳር በሚያልፍበት መስመር ተጉዞ ቀንበጥ ጫፍ ይደርሳል፣ እዚያም ኤፒ-1 እና ሊፊ የሚባሉትን ጂኖች ያስነሳል። እነዚህ ሲነሱ ያ ጫፍ ቅጠል መሆኑን ትቶ አበባ ይሆናል። በተቃራኒው ቲኤፍኤል-1 የሚባል ጂን አለ፤ ሥራው ማዘግየት ነው። በባጃጅ ብናስበው ኤፍቲ ነዳጁ፣ ቲኤፍኤል-1 ፍሬኑ ነው። የፍራፍሬ ዛፎች ላይ ፍሬኑ ለዓመታት ተረግጦ ይቆያል።

ማንጎም፣ ብርቱካንም፣ አፕልም የእነዚህ ጂኖች የራሳቸው ቅጂ አላቸው። ከዚያ በኋላ ደግሞ ሌላ የጂኖች ቡድን አለ፤ የትኛው ክፍል ቅጠለ አበባ፣ የትኛው ወንዴ፣ የትኛው ሴቴ እንደሚሆን የሚከፋፍል። ይህ ቡድን ሲበላሽ ውጤቱ ይታያል፤ ከእነዚህ ጂኖች አንዱ ተሰብሮባቸው ቅጠለ አበባም ወንዴ ክፍልም የሌላቸው፣ ፍሬያቸውም ዘር አልባ የሆነ የአፕል ዝርያዎች አሉ። የእርስዎ ጉዳይ ግን ከዚህ ደረጃ በፊት ነው። ዛፍዎ ገና «ላብብ» ብሎ አልወሰነም።

ለምን አልወሰነም? ሁለት ምክንያት ይታየኛል። ከሁለቱ እርስዎ የሚቆጣጠሩት ሁለተኛውን ነው።

የመጀመሪያው ልጅነት ነው። ከዘር የበቀለ ዛፍ የልጅነት ዘመን አለው፤ በዚያ ጊዜ ምንም ቢያደርጉት አያብብም። በሴሎቹ ውስጥ ማይክሮ አርኤንኤ 156 የሚባል ቅንጣት በብዛት ይገኛል፣ አበባ ጠሪ ጂኖችንም ያፍናል። ዛፉ ሲያድግ መጠኑ እየቀነሰ ይሄዳል። ማንጎ ከዘር ሲበቅል ለማበብ ከ5 እስከ 8 ዓመት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይፈጅበታል። ግራፍት የተደረገ ችግኝ ግን በ3 ወይም በ4 ዓመት ያፈራል፤ ምክንያቱም የተቀጠለው ቀንበጥ ከጎለመሰ ዛፍ ስለመጣ ጉልምስናውን ይዞ ይመጣል። ስለዚህ 7 ዓመት የዘገየ ቢመስልም ከልክ አላለፈም።

ሁለተኛው ምክንያት ውሃውና ፍጉ ነው። ዋናው ጥርጣሬዬም እዚህ ላይ ነው።

ማንጎ የሚያብበው ባረፈ ቀንበጥ ጫፍ ላይ ነው። ቀንበጡ አዲስ ቅጠል ማውጣቱን አቁሞ፣ ቅጠሉ ጠቁሮና ጠንክሮ፣ ወራት መቆየት አለበት። በየሁለት ቀኑ ውሃ የሚጠጣና ፍግ የሚበላ ዛፍ ግን አያርፍም። በየጊዜው ቀይ ለጋ ቅጠል ያወጣል። እርስዎ ደስ ይልዎታል፣ ዛፉ አምሮበታል ብለው ያስባሉ። ያ ለጋ ቅጠል ግን ጅብሬሊን በሚባል የዕድገት ሆርሞን የተሞላ ነው፤ ጅብሬሊን ደግሞ ማንጎ ላይ አበባን ይከለክላል። ልምላሜው ራሱ ነው አበባውን የያዘው።

ብርዱንም እንጨምርበት። ተመራማሪዎች ማንጎን ሙቀቱ በሚስተካከል ክፍል ውስጥ አስቀምጠው አይተውታል። ቀን 30፣ ሌሊት 25 ዲግሪ ሲሆን ያቆጠቆጠው ሁሉ ቅጠል ሆነ። ቀን 18፣ ሌሊት 10 ዲግሪ ሲሆን አበባ ሆነ። ቅዝቃዜ ማንጎ ቅጠል ውስጥ ያለውን ኤፍቲ ያነሳሳል። ቅጠሉን ከቀንበጡ ላይ ካራገፉት ግን ብርዱ ብቻውን አይሠራም፤ ትእዛዙ የሚወጣው ከቅጠል ነውና። «ዛፉን አስጨንቀው፣ ቅጠሉን አራግፈው» የሚል ምክር ከሰሙ አይቀበሉት።

አሁን ድሬዳዋን ያስቡ። ሐረር ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,800 ሜትር በላይ ላይ ናት። ድሬዳዋ 1,200 ገደማ ላይ ናት። ደንገጎን ወርዶ ወደ ድሬ የገባ ሰው ልዩነቱን በገላው ያውቀዋል። ድሬ ላይ ታኅሣሥና ጥር ሌሊቱ ረገብ ይላል እንጂ 10 ዲግሪ ሌሊት ከሌሊት አያገኙም። ስለዚህ ብርዱ የሥራውን ከፊል ብቻ ነው የሚሠራው። ቀሪውን መሸፈን ያለበት የቀንበጡ ዕድሜ ነው። በሞቃት አካባቢ 4 ወይም 5 ወር ያረፈ ቀንበጥ መጠነኛ ቅዝቃዜም ይበቃዋል። የሁለት ወር ለጋ ቀንበጥ ግን አይበቃውም። ጎማዎ ጉዳት ያደረሰው እዚህ ላይ ነው፤ ታኅሣሥ ሲመጣ ዛፉ ያረፈ ቀንበጥ አይኖረውም።

ሁለተኛው ዛፍዎ ሌላ ታሪክ ነው። አንድ ዓመት ሞልቶ አንድ ዓመት ባዶ መሆን ማንጎም፣ መንደሪንም፣ አፕልም የሚያሳዩት ጠባይ ነው። ብዙ ሰው «ዛፉ ደክሞት ነው» ይላል። ድካም አለበት፣ ምግቡን ጨርሷል፤ ግን ያ ብቻ አይደለም። ስፔን ውስጥ መንደሪን ላይ የተሠራ ጥናት ፍሬ የጫነ ዛፍ ቅጠሉ ላይ ኤፍቲ ጂኑ እንደሚዳከም፣ ፍሬ የሌለው ዛፍ ላይ ግን እንደሚበረታ አሳይቷል። ማለትም ዛፉ ላይ ያለው ፍሬ የሚቀጥለውን ዓመት አበባ ከወዲሁ ይከለክላል። ማንጎ ላይ ደግሞ ሌላ ይጨመርበታል፤ ፍሬ ተሸክሞ የቆየ ቅርንጫፍ አዲስ ቀንበጥ ዘግይቶ ስለሚያወጣ፣ ቀንበጡ ሳይጎለምስ የአበባው ወቅት ይመጣል።

መፍትሔው ቀላል ነው፣ ግን መጨከንን ይጠይቃል። በሞላበት ዓመት ፍሬው ገና የእንቁላል መጠን ሳይደርስ ከየዘለላው ላይ ቀንሱለት። የደረሰውን ፍሬ ዛፉ ላይ አታቆዩ፤ «ይብሰል፣ እንግዳ ሲመጣ እንቆርጣለን» እየተባለ የሚቆየው ፍሬ የከርሞውን አበባ ይበላል። ምርቱ እንደተነሳ ወዲያው ያፈሩትን ጫፎች አንድ ክንድ ያህል ይግረዙ። ያኔ የክረምቱ ዝናብ አዲሱን ቀንበጥ ባንድ ጊዜ ያወጣዋል፣ እስከ ታኅሣሥም ይጎለምሳል። ዘግይቶ መግረዝ ግን ከነጭራሹ አለመግረዝ ይሻላል የሚያሰኝ ስሕተት ነው፤ ኅዳር ላይ የገረዘ ሰው የራሱን አበባ ቆርጦ ጥሏል።

አበባው ላይ አመዳይ የመሰለ ነጭ ዱቄት ካዩ ወይም ዘለላው ጠቁሮ ከደረቀ መርገፉ ተፈጥሯዊ አይደለም፣ ፈንገስ ነው። ለነጩ ዱቄት ሰልፈር ይረዳል፣ ገና ሲጀምር ከተረጨ። አንድ ነገር አደራ፦ ዛፉ አበባ ላይ ሳለ የነፍሳት መድኃኒት አይርጩ። የማንጎን አበባ ዱቄት በብዛት የሚያዳርሱት ዝንቦች ናቸው። ግቢው ውስጥ የሚያስጠሉን ዝንቦች የማንጎው አዋላጆች ናቸውና አይጨርሷቸው።

ወደ መርፌው እንምጣ። ጂን ወደ ዛፍ ማስገባት ይቻላል ወይ ቢሉኝ፣ አዎ ይቻላል፣ ተደርጓልም። እ.ኤ.አ. በ2001 የወጣ የስፔን ሥራ ከአራቢዶፕሲስ የተወሰደ ሊፊ ወይም ኤፒ-1 ጂን የገባበት የብርቱካን ዘመድ ችግኝ በዓመቱ እንዳበበ አሳይቷል፤ ወትሮ ብዙ ዓመት የሚፈጅበት ተክል ነው። አፕል ላይም ፍሬኑን፣ ቲኤፍኤል-1ን፣ አዳክመው ከዓመት ባነሰ ጊዜ አበባ አግኝተዋል። አሜሪካ ውስጥ በፕለም ላይ ኤፍቲን ተጠቅመው ዛፉ ቶሎ ቶሎ እንዲያብብ አድርገዋል። ዓላማቸው አዲስ ዝርያ ለማውጣት የሚፈጀውን የትውልድ ጊዜ ማሳጠር ነው፤ መጨረሻ ላይ የሚመርጡትም የገባው ጂን የሌለባቸውን ልጆች ነው። ይህ ሥራ ያስደንቀኛል፤ ለወደፊት የእኛንም ማንጎ የማሻሻል ዕድል ይሰጣል ብዬ አምናለሁ።

ለእርስዎ ዛፍ ግን አይሆንም። ጂን የሚገባው ላቦራቶሪ ውስጥ፣ ጥቂት ሴሎች ላይ ነው፤ ከዚያ ሴል ሙሉ ተክል ይወጣል። ቆሞ ያለ የ7 ዓመት ዛፍ ላይ በመርፌ ወግቶ፣ ወይም ቅጠሉ ላይ ረጭቶ፣ ሴሎቹን ሁሉ መለወጥ አይቻልም። ኤፍቲ ያለ ልክ የሚሠራበት ተክል ደግሞ ብዙ ጊዜ ድንክ ይሆናል፤ ሳያድግ ያብባል፣ ፍሬ የሚሸከም ጉልበት አያበጅም። ሕጉም አለ። አገራችን ውስጥ ጂኑ የተለወጠ ተክል በደኅንነተ ሕይወት አዋጅ ቁጥር 655/2001 እና በማሻሻያው ቁጥር 896/2007 መሠረት ፈቃድ ይፈልጋል። በፌስታል ተጠቅልሎ ቤት ለቤት የሚዞር ነገር አይደለም።

ታዲያ ጠርሙሱ ውስጥ ምን አለ? ምልክት የሌለውን ጠርሙስ ሳላየው ይህ ነው አልልም። በዚህ ሥራ የሚታወቁት ግን ሁለት ናቸው። አንዱ ፓክሎቡትራዞል ነው። ጅብሬሊን እንዳይሠራ ያግዳል፤ ሥሩ አጠገብ ይፈስሳል፣ በትልልቅ እርሻዎችም ይሠራል። ችግሩ አፈር ውስጥ ረጅም ጊዜ መቆየቱ ነው። መጠኑ ካለፈ ቀንበጡ ይኮማተራል፣ ዛፉ ለዓመታት አያገግምም። እርስዎ ግቢ ከማንጎው ሥር ጎመን ወይም ሰላጣ ካለ፣ ወይም ጉድጓድ ውሃ የምትጠቀሙ ከሆነ፣ ፈጽሞ አይግባ። ሌላው ፖታሲየም ናይትሬት ነው። ፊሊፒንስ ውስጥ ከ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የማንጎን አበባ ለማስነሳት ይረጫል። 2 በመቶ፣ ማለትም በአንድ ሊትር ውሃ 20 ግራም፣ ቅጠሉ ላይ ይረጫል። ይህ የሚሠራው ግን ለጎለመሰ ዛፍና ላረፈ ቀንበጥ ብቻ ነው። የተዘጋጀን ዛፍ ይቀሰቅሳል፣ ልጅን አያጎለምስም። ስለዚህ ለአንደኛው ዛፍ ጥቅም የለውም። ለሁለተኛው፣ ባዶ በሚሆንበት ዓመት፣ ኅዳር መጨረሻ ላይ መሞከር ይቻላል፤ መጀመሪያ አንድ ቅርንጫፍ ላይ፣ ከሰዓት በኋላ ፀሐይዋ ስትበርድ። ሻጩ የያዘው ጠርሙስ ላይ የይዘቱ ስምና መጠን ካልተጻፈ አይግዙ። በቃ።

ቅርፊት በቀለበት መላጥና ግንዱ ላይ ምስማር መምታትም ይወራል። ቅርፊት መላጥ ስኳሩ ወደ ሥር እንዳይወርድ ስለሚያደርግ አንዳንዴ ያስብባል፤ በማያውቅ እጅ ግን ዛፉን ይገድላል። ምስማሩ ደግሞ ቁስል ብቻ ነው።

እኔ የምመክረው ይህን ነው። ለአንደኛው ዛፍ ፍግም ዩሪያም ዘንድሮ ያቁሙ። ከጥቅምት አጋማሽ ጀምሮ ጎማውን ይዝጉ፤ አበባ እስኪታይ፣ ካልታየም እስከ የካቲት መጀመሪያ፣ ውሃ አይስጡት። የ7 ዓመት ዛፍ ሥሩ ጠልቋል፣ አይሞትም። ቅጠሉ ትንሽ ቢጠወልግ አይደንግጡ። ጨርሶ ከተኮማተረ ግን አንድ ጊዜ አጠጥተው መልሰው ይተዉት። ይህን ከ3 ዓመት በታች የሆነ ችግኝ ላይ አያድርጉት፣ እሱ ይሞታል። አበባ ወጥቶ ፍሬው ሲይዝ ውሃውን ይመልሱለት።

የካቲት ላይ አሁንም ምንም ከሌለ ሌላ 3 ዓመት አይጠብቁ። ዛፉን ራሱን ግራፍት ያስደርጉት። ቅርንጫፎቹ ይቆረጣሉ፣ አንድ ቅርንጫፍ ግን ሥሩን እንዲመግብ ሳይቆረጥ ይቀራል። የተቆረጠው ግንድ በድሬ ፀሐይ እንዳይቃጠል ኖራ ይቀባ። ከዚያ የሚያቆጠቁጠው ቀንበጥ የእርሳስ ውፍረት ሲኖረው ከሚያፈራ ዛፍ የመጣ ቀንበጥ ይቀጠልበታል። ሥሩ 7 ዓመት የጎለበተ ስለሆነ በ2 ወይም 3 ዓመት ፍሬ መጠበቅ ይችላሉ። ኬንት፣ ኪት፣ ቶሚ አትኪንስና አፕል ማንጎ አገራችን ገብተው የተለመዱ ዝርያዎች ናቸው። ለሙያውና ለቀንበጡ የወረዳዎን ግብርና ባለሙያ ወይም ወደ ሐረር መንገድ ላይ ያለውን ሐረማያ ዩኒቨርሲቲ ይጠይቁ። የቀንበጡ ምንጭ ዛፍ ሲያፈራ የታየ መሆኑን ያረጋግጡ፤ ከግንዱ ሥር የወጣ ቡቃያም አይውሰዱ። አንድ ዛፍ ጫፉ ጎልምሶ ታችኛው ክፍሉ ልጅ ሆኖ ሊቀር ይችላልና። ቆራጩ ጓንት ያድርግ፤ የማንጎ ወተት ቆዳ ያቃጥላል። የገዙትን ጥሩ ኬንት በልተው ፍሬውን ቢተክሉትም ኬንት አይወጣም፤ ዘሩ የሁለት ወላጅ ድብልቅ ነው፣ ልጅነቱንም ከሀ ይጀምራል።

ፓፓያው ግን ወንድ ነው። ረጅም ክር ላይ የተንጠለጠለ ብዙ አበባ ምልክቱ ነው። ፓፓያ ላይ ጾታን የሚወስነው ክሮሞዞም፣ ማለትም ጂኖች የሚቀመጡበት የሴል ክፍል፣ ነው፤ ወንድ፣ ሴትና ሁለቱንም ይዞ የሚወጣ አለ። ይህኛውን ማዳበሪያም ርጭትም አይለውጠውም። ጎረቤት ሁሉ ሴት ፓፓያ ካለ አንድ ወንድ ለአበባ ዱቄት ይጠቅማል፣ ካልሆነ ይቁረጡት። በምትኩ ዘር ሲወስዱ ክቡን ሳይሆን ረዘም ያለውን ፍሬ ይምረጡ፤ ረጅሙ የሚመጣው ሁለቱንም ጾታ ከያዘ ዛፍ ነው። በራሱ ዱቄት የተዳቀለ ከሆነ ከሦስት ልጆቹ ሁለቱ እንደሱ፣ አንዱ ሴት ይሆናሉ፣ ወንድ አይወጣም። በአቅራቢያ ወንድ ዛፍ ካለ ግን ጥቂት ወንድ ሊቀላቀል ይችላል፤ የእርስዎን አስቀድመው የሚቆርጡትም ለዚሁ ነው። በድሬ የሙቀት ወራት ሁለቱን የያዘው ዛፍም ለጊዜው ፍሬ የማይዝ አበባ ሊያወጣ ይችላል፤ ሙቀቱ ሲበርድ ይመለሳል፣ አይቁረጡት። በአንድ ጉድጓድ ሦስት ችግኝ ይትከሉ። ሲያብቡ አበባቸውን ያዩና አንዱን አስቀርተው ሁለቱን ይንቀሉ።